የጥንት ፕሮፌሽናል ፉትቦል ተጫዋችን የሥራ ዘመን ከመዝገብ አጣርቶ ለመጻፍ

የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ጭምር የሚያዝበት ጨዋታ) ዋና ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል ስታቲስቲክስ በይፋ መያዝ የጀመረው በ1932 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የተጫወተ ሰው ታሪክ ተበታትኖ የሚገኘው በየከተማው ጋዜጣ ላይ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት “ክሮኒክሊንግ አሜሪካ” በተባለው ስብስቡ ብዙዎቹን በነጻ ያስነብባል።

ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር ይያዙ፦ ቀን፣ ከተማ፣ ተጋጣሚ፣ ተጫዋቹ የተሰለፈበት ቦታ፣ ውጤት፣ ምንጭ። የኦሃዮ ቡድኖች በብዛት እሑድ ስለሚጫወቱ የሰኞውን እትም ያንብቡ። በፔንሲልቬንያ ግን የእሑድ ጨዋታ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ የፊላደልፊያው ፍራንክፎርድ የሎ ጃኬትስ ቅዳሜ በሜዳው ተጫውቶ በማግስቱ ሌላ ከተማ ይጋጠም ነበር። በተከታታይ ቀናት ሁለት ጨዋታ ቢያገኙ ስህተት ነው ብለው አይሰርዙ። የሁለቱንም ከተሞች ጋዜጣ ያመሳክሩ፤ ከጨዋታው በፊት የታተመ አሰላለፍ ብቻውን ተጫዋቹ ለመሰለፉ ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ የሚያሳስተው ስም ነው። የኮሌጅ ተጫዋቾች ከትምህርት ቤት ቡድናቸው እንዳይባረሩ በሐሰት ስም ይሰለፉ ነበር። የግሪን ቤይ ቡድን በ1921 እንዲህ ያሉ ልጆችን በማሰለፉ የሊግ አባልነቱን ለጊዜው አጥቷል። አንድ ሳምንት ብቻ ብቅ ብሎ የጠፋ ስም ካጋጠመዎ ይጠርጥሩ። ማንነቱን ለማጣራት የ1917ቱ የውትድርና ምዝገባ ካርድ ጥሩ ነው፤ ሰኔ 5 ቀን ከ21 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወንዶች ተመዝግበዋል፣ ካርዱም የልደት ቀንና ሥራ ይዟል። ከዚያ በ1920ው የሕዝብ ቆጠራ ያረጋግጡ። በሥራ መደቡ ላይ “ፉትቦል ተጫዋች” የሚል ቃል አይጠብቁ፤ አብዛኞቹ በሥራ ቀናት ሌላ መተዳደሪያ ነበራቸው።

ነጥብ ሲደምሩ የዓመቱን ሕግ ይጠቀሙ። ተችዳውን (ኳስን ይዞ የተጋጣሚን የጎል መስመር ማለፍ) እስከ 1897 ድረስ 4 ነጥብ፣ ከ1898 ጀምሮ 5፣ ከ1912 ጀምሮ 6 ነው። ፊልድ ጎል (ኳስን በእግር መትቶ በግቡ ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ) ከ5 ወደ 4 በ1904፣ ወደ 3 ደግሞ በ1909 ወርዷል። ይህን ያላወቀ ሰው የ1892ቱን የአሌጌኒ ቡድን 4 ለ 0 ድል ሁለት ሴፍቲ (ኳስ የያዘ ተጫዋች በራሱ የጎል ክልል ሲያዝ ለተጋጣሚው የሚሰጥ 2 ነጥብ) ብሎ ሊጽፈው ይችላል። እውነቱ ግን የአሌጌኒው ተጫዋች ዊልያም ሄፍልፊንገር የወደቀ ኳስ አንስቶ ያስቆጠረው አንድ ተችዳውን ነው። ወደ ፊት መወርወርም የተፈቀደው በ1906 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት “ፓስ” የሚል ቃል ሲያዩ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ የተሰጠ ኳስ ማለት ነው።

በክፍያ ላይ ጥብቅ መሆን ይገባል። ወሬና የሒሳብ መዝገብ እኩል አይመዝኑም። ጆን ብራሊየር በ1895 ለላትሮብ ቡድን በ10 ዶላርና በወጪው ተጫውቶ ለአሥርት ዓመታት የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ሲባል ኖሯል። ያንን የሻረው የአሌጌኒ አትሌቲክ ማኅበር የወጪ ሒሳብ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 1892 ከፒትስበርግ አትሌቲክ ክለብ ጋር ለተደረገው ጨዋታ ለሄፍልፊንገር 500 ዶላር በጥሬ ገንዘብ መከፈሉን ይመዘግባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የገንዘብ መጠን አጠገብ “መዝገብ” ወይም “ጋዜጣ” ብለው ይጻፉ።

የሊጉን ስምም እንደ ዘመኑ ይጥሩ። በ1920 ካንተን (ኦሃዮ) ላይ ሲመሠረት የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ማኅበር ነበር፤ ኤንኤፍኤል የተባለው በ1922 ነው። ተጫዋቹ ፍሪትዝ ፖላርድ በ1920 ከአክረን ቡድን ጋር ያነሣው ዋንጫ የማኅበሩ እንጂ የኤንኤፍኤል ተብሎ አይጻፍም።