የእናንተ ዲስትሪክት የማይሰጠው ትምህርት ጎረቤት ሊኖር ይችላል

ከሲያትል በስተደቡብ፣ በቱክዊላ፣ በቡሪየን ወይም በፌዴራል ዌይ አዲስ የሰፈራችሁ ወላጆች ልጅ ስታስመዘግቡ ደጋግማችሁ የምትሰሙት ቃል «ዲስትሪክት» ነው፤ የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር አካል ማለት ነው። ልጁ የት እንደሚማር የሚወስነው የቤታችሁ አድራሻ ነው። በዋሽንግተን ስቴት 295 ዲስትሪክቶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቦርድና በጀት አለው። «ዲስትሪክታችን የማይሰጠውን ትምህርት ልጃችን አያገኝም» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው።

የብየዳ ወይም የመኪና ጥገና ወርክሾፕ ማቋቋም ውድ ነው፤ አንድ ዲስትሪክት ብቻውን ቢያቋቁመው ክፍሉ በተማሪ ላይሞላለት ይችላል። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ አንድ ላይ ሆነው ስኪልስ ሴንተር የሚባል የሙያ ማሠልጠኛ ይከፍታሉ። ቡሪየን የሚገኘው የፒውጀት ሳውንድ ስኪልስ ሴንተር የሃይላይን፣ የቱክዊላ፣ የፌዴራል ዌይና የሌሎችም ዲስትሪክቶች የጋራ ነው። ተማሪው የቀኑን ግማሽ በራሱ ሃይስኩል፣ ግማሹን እዚያ ይማራል። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ የሚያገኘውም ክሬዲት ለሃይስኩል ዲፕሎማው ይቆጠርለታል።

እዚህ ላይ ወላጆችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። አገር ቤት ለረጅም ዓመታት የሙያ ትምህርት የ10ኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ያልመጣለት ልጅ የሚገባበት ተደርጎ ይታይ ነበር። ያንን አመለካከት ይዞ መጥቶ «ልጄ ዶክተር እንጂ በያጅ አይሆንም» የሚል አባት ጥቂት አይደለም። እዚህ ግን ስኪልስ ሴንተር የኮሌጅን በር አይዘጋም፤ ሕክምና የሚያልም ልጅም የጤና ሙያ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሥራውን ቀድሞ ያየዋል። በስኪልስ ሴንተሮች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የነርስ ረዳትነት ነው። ብዙዎቻችን ከመጣን በኋላ ከኪሳችን ከፍለን የተማርነውን ሙያ ልጃችን በነጻ ቢያገኘው ምን ያስከፋል?

ምዝገባው የሚያልፈው በትምህርት ቤቱ ካውንስለር፣ ማለትም በተማሪዎች አማካሪው፣ በኩል ነው። አብዛኛው ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ነው፤ ለመስከረም የሚሆነው ቦታ ግን ከወራት በፊት መያዝ ስለሚጀምር ልጁ 10ኛ ክፍል እያለ ጠይቁ። አውቶቡስ እንዳለና ለደንብ ልብስ የሚከፈል ነገር መኖሩንም አብራችሁ ጠይቁ። 18 ወይም 19 ዓመት ሞልቶት የመጣ ልጅም አለፈበት አይባልም፤ ዲፕሎማ እስካልያዘ ድረስ የስቴቱ ሕግ እስከ 21 ዓመት በነጻ እንዲማር ይፈቅድለታል።

ከዲስትሪክቶች በላይ ደግሞ በስቴቱ ብዙ ዲስትሪክቶችን የሚደግፉ ዘጠኝ የትምህርት አገልግሎት ዲስትሪክቶች አሉ፤ የአካባቢያችሁ ቢሮ ሬንተን ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ሕፃናት የሚሰጠውን ነጻ የሄድ ስታርት ትምህርት በኪንግና በፒርስ ካውንቲዎች ከሚያስተባብሩት አንዱ እርሱ ነው። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ያላችሁ ጠይቁ።

የመስማት፣ የንግግር ወይም የመማር ችግር ያለበት ልጅ ሲሆን ጉዳዩ ይጠነክራል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ነገር የመደበቅ ልማድ ስላለ ልጁ ዓመታት ያልፉበታል። በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዲስትሪክቱ አገልግሎቱን ራሱ መስጠት ካልቻለ ከሌላ ጋር ተዋውሎም ቢሆን ያለ ክፍያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። «ባለሙያ የለንም» ቢሏችሁ አመስግናችሁ አትመለሱ። ልጁ እንዲገመገም በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውን አስቀሩ። ጥያቄው ከደረሰው በኋላ ዲስትሪክቱ ግምገማ ማድረግ አለማድረጉን በ25 የትምህርት ቀናት ውስጥ መወሰን አለበት፤ በአፍ ብቻ የጠየቃችሁት ግን መቼ እንደተጠየቀ ማስረጃ አይኖረውም።

ስለ ልጃችሁ ትምህርት ከትምህርት ቤቱ ጋር ለምታደርጓቸው ስብሰባዎች ሁሉ ነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» ብላችሁ አስመዝግቡ። ልጃችሁን አታስተርጉሙት፤ ስለ ራሱ ውጤት የሚያስተረጉም ልጅ የሚያስተላልፈው መርጦ ነው።