ስለ ፍሪጌት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዲሴምበር 9 ቀን 2023 ምሽት ላንግዶክ የተባለችው የፈረንሳይ ፍሪጌት (የጦር መርከብ ዓይነት ነው) ቀይ ባሕር ላይ ነበረች። ከየመን በኩል ሁለት ድሮኖች ቀጥ ብለው መጡባት። በሚሳኤል መትታ ጣለቻቸው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ «ፍሪጌት» የሚለው ቃል ከዜናችን ጠፍቶ አያውቅም። ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። የምናበስልበት ዘይት፣ መኪናችን የሚጠጣው ናፍጣ፣ ለገበሬው የሚደርሰው ማዳበሪያ በጂቡቲ የሚገባው ከዚሁ ባሕር ደጃፍ ነው።

ወሬው ሲሞቅ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰው የመርከቧን የመሣሪያ ዝርዝር ያነብና ወዲያው ይፈርዳል። ስንት ሚሳኤል? ፍጥነቷ ስንት ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ነው? ራዳሯ ስንት ኪሎ ሜትር ያያል? ዝርዝሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን መርከብ ላይ ቦታ የተቆጠረ ነው። «ይሄ ይግባ፣ ያ ይቅር» እየተባለ ለዓመታት ክርክር ይደረግበታል። ምን እንደቀረ ካላወቅን የገባውን በትክክል መመዘን አንችልም። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

በስሟ ደረጃዋን መገመት

«ፍሪጌት ዲስትሮየር ከሚባለው የጦር መርከብ ታንሳለች» ይባላል። ድሮ ልክ ነበር። ዛሬ ስሙ እንደየአገሩ ነው። የላንግዶክ ጎን ላይ የተጻፈው ዲ 653 ነው፤ በኔቶ ልማድ «ዲ» የዲስትሮየር ምልክት ነው። ፈረንሳዮች ግን ፍሪጌት ነው የሚሏት። የጀርመኗ ባደን ቩርተምበርግ 149 ሜትር ርዝመትና 7,200 ቶን ክብደት ይዛ ፍሪጌት ትባላለች። በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት ወደ ባሕር ኃይላችን የመጡት ፔትያ የሚባሉት ሁለት መርከቦችም ፍሪጌት ይባሉ ነበር፤ 1,000 ቶን ገደማ ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው ፍሪጌት ወይም ዲስትሮየር እያለ የሚያስታውሳት የምጽዋዋ «ኢትዮጵያ» መርከብ ደግሞ ሁለቱንም አልነበረችም። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን እንድትንከባከብ የሠሯት ነበረች። በ1962 ነው ወደ እኛ የመጣችው።

ስሙን ተዉትና ክብደቷን፣ ለምን ሥራ እንደተሠራችና ሚሳኤል የሚቀመጥባቸውን ጉድጓዶቿን ቁጥር ጠይቁ።

«ሁለገብ» ሲባል «ሁሉን ቻይ» ብሎ መረዳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ላንግዶክ ፍሬም ከሚባለው ቤተሰብ ናት። ፈረንሳይና ጣሊያን በጋራ የነደፉት ነው። ስያሜው ራሱ የአውሮፓ ሁለገብ ፍሪጌት ማለት ነው። ሞሮኮ አንድ ገዝታለች፤ ግብጽም በ2015 ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል የተሠራችውን ኖርማንዲን ገዝታ «ታህያ ምስር» ብላ ሰይማታለች። የላንግዶክ ርዝመት 142 ሜትር፣ ክብደቷ 6,000 ቶን ገደማ ነው።

የላንግዶክን የፊት ወለል ብታዩ ከመድፏ ኋላ የተደረደሩ ክዳኖች አሉ። ከእያንዳንዱ ክዳን ሥር ቀጥ ብሎ የቆመ ሚሳኤል አለ። ጉድጓዶቹ 32 ናቸው። አስራ ስድስቱ አስተር 15 የሚባለውን ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ይይዛሉ። የቀሩት አስራ ስድስቱ የብስ ላይ ያለ ዒላማ የሚመታ ክሩዝ ሚሳኤል የሚቀመጥባቸው ናቸው። በኤፕሪል 2018 ላንግዶክ ሦስት ክሩዝ ሚሳኤል ወደ ሶሪያ የተኮሰችው ከነዚህ ነው።

እህቷ አልዛስም ፍሬም ናት። ቀፎው አንድ ነው፤ የጉድጓዱም ቁጥር አንድ ነው። እሷ ግን 32ቱንም ለአየር መከላከያ ሰጥታለች። ክሩዝ ሚሳኤል የላትም። በማርች 2024 በቀይ ባሕር የንግድ መርከብ አጅባ ስትሄድ ሦስት ባልስቲክ ሚሳኤሎች መትታ ጣለች። ላንግዶክ የሠራችውን አልዛስ አትሠራውም፤ ሁለቱም ግን ሁለገብ ተብለው ነው የሚጠሩት።

አሁን ወደ ባደን ቩርተምበርግ እንመለስ። ከላንግዶክ ትከብዳለች፣ ትረዝማለች። ጀርመኖች ሲነድፏት በሐሳባቸው የነበረው የባሕር ላይ ወንበዴና ከአገር ርቆ የሚደረግ የረጅም ጊዜ ጥበቃ ነው። አገሯ ሳትመለስ እስከ ሁለት ዓመት ውጭ እንድትቆይ ታስቦ ሁለት ቡድን መርከበኛ ተመድቦላታል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው በአውሮፕላን ሄዶ ይተካዋል። ግሩም ሐሳብ ነው። ነገር ግን እንደ ላንግዶክ ያሉ የሚሳኤል ጉድጓዶች የሏትም። ከአየር የሚመጣባትን የምትመልሰው በአጭር ርቀት ሚሳኤሎችና በመድፍ ነው።

በ2024 መጨረሻ ከእስያ ወደ አገሯ ስትመለስ ቀይ ባሕርን አላቋረጠችም። አፍሪካን ዞራ፣ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኩል ሄደች። የ7,200 ቶን የጦር መርከብ የንግድ መርከቦቹ የሸሹበትን ያንኑ ረጅም መንገድ ያዘች። ብዙ ሰው ስቆባታል። እኔ አልስቅም። የተሠራችበትን ሥራ ትሠራለች፤ ጦርነቱ ነው የተለወጠው።

ሚሳኤል ቆጥሮ መመለሻውን መርሳት

32 ጉድጓድ ብዙ ይመስላል። ለአንድ አደገኛ ዒላማ ሁለት ሚሳኤል መተኮስ የተለመደ ስለሆነ በተግባር ግማሹ ነው። ካለቀስ? ቀጥ ብሎ የቆመውን ጉድጓድ በሚወዛወዝ ባሕር ላይ መልሶ መሙላት እጅግ ከባድ ነው። ወደብ መግባት፣ ክሬን ማቆም፣ ሚሳኤሉን በጥንቃቄ ቁልቁል ማስገባት ያስፈልጋል። ስለዚህ የፍሪጌት ጥንካሬ ግማሹ ያለው ወደብ ላይ ነው። ጂቡቲ ውስጥ ይህን ያህል አገር የጦር ሰፈር የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

የራዳሩን ኪሎ ሜትር እንዳለ መቀበል

«ራዳሯ 250 ኪሎ ሜትር ያያል።» እውነት ነው፤ ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ከሆነ።

ምድር ክብ ናት። ራዳሩ ከባሕሩ 25 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል እንበል። ሚሳኤሉ ደግሞ ውኃውን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ዝቅ ብሎ በ4 ሜትር ከፍታ ይመጣል። ከአድማሱ ብቅ ሲልና ራዳሩ ሊያየው ሲችል ርቀቱ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የቱንም ያህል ውድ ራዳር ቢሆን አያየውም። ፍጥነቱ በሰከንድ 290 ሜትር ከሆነ የቀረው ጊዜ 100 ሰከንድ ነው። በነዚያ 100 ሰከንዶች ውስጥ ጨለም ባለ ክፍል ማያ ገጽ ፊት የተቀመጠ ወጣት መርከበኛ ነጥቧን ማየት አለበት። ወፍ ወይም ማዕበል እንዳልሆነች ይለያል። አለቃው ይወስናል። ሚሳኤሉ ይወጣል፣ ይሄዳል፣ ይገናኛል። ከሳተ ለሁለተኛው ሙከራ ጊዜ መትረፍ አለበት።

ታዲያ ራዳሩን ለምን 50 ሜትር ላይ አይሰቅሉትም? መርከቧ ትገለበጣለቻ! ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሚዛኗ ይናጋል። የምናየው የምሶሶ ቁመት የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

ሄሊኮፕተሩም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ዕቃ ያየዋል። እሱ ግን ከአድማሱ ወዲያ የሚያይ ዓይኗ ነው፤ ሰርጓጅ መርከብ የሚያሳድድ እጇም ነው። ኖርዌይ በ2022 ለፍሪጌቶቿ ያዘዘቻቸውን ሄሊኮፕተሮች በመዘግየታቸውና በብቃታቸው ተማርራ ውሉን አፈረሰች። ፍሪጌቶቹ ያለ ራሳቸው ሄሊኮፕተር ቀሩ።

በፍጥነት ማወዳደር

ላንግዶክ 27 ኖት ትሄዳለች፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አንዳንዱ «ይህቺማ ሚኒባስ ትቀድማታለች» ብሎ ይንቃታል። ለዚህች መርከብ ግን ዋናው ዝምታዋ ነው። ዋና ሥራዋ ሰርጓጅ ማደን ነው፤ ሰርጓጅን የምትሰማው ራሷ ጸጥ ካለች ብቻ ነው። ስለዚህ በዝግታ ስትሄድ ፕሮፔለሯን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ጋዝ ተርባይን የሚባለው ኃይለኛ ሞተር የሚነሳው መሮጥ ሲያስፈልግ ነው።

ከኋላዋ ደግሞ በረጅም ገመድ የሚጎተት ሶናር (ውኃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ) ታወርዳለች። ለምን ከታች አይገጠምም? የባሕሩ የላይኛው ውኃ ሞቃት፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ድምፅ ይታጠፋል። ብልህ የሰርጓጅ አዛዥ ከዚያ ንብርብር ሥር ይደበቃል። በገመድ የወረደው ሶናር ያንን አልፎ ሄዶ ያዳምጠዋል። እንደ እኔ ከሆነ በፍሬም ላይ ከሁሉ የሚያስደንቀው መድፉም ሚሳኤሉም ሳይሆን ይሄ ገመድ ነው።

«ራዳር አያያትም» ማለት

ጎኖቿ የተንጋደዱት የራዳሩን ሞገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመወርወር ነው። መርከቧ በራዳር ላይ ከመጠኗ በጣም አንሳ ትታያለች። አለመታየት ግን ሌላ ነገር ነው። ሙቀት አላት፣ ድምፅ አላት፣ ራሷ ራዳር ከከፈተች ደግሞ ያለችበትን ትናገራለች።

ዝግጁ ንድፍ ገዝቶ «ትንሽ» መቀየር

አሜሪካ በ2020 የጣሊያኑን ፍሬም መርጣ ኮንስተሌሽን የተባሉ ፍሪጌቶችን ለመሥራት ተነሳች። የተሞከረ ንድፍ ስለሆነ 85 በመቶው እንዳለ እንዲቀር ነበር ሐሳቡ። ከዚያ ይሄ ይጠንክር፣ ያ ይለወጥ ተባለ። መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰለው ከ15 በመቶ በታች ሆነ። መርከቧ ከበደች፤ የመጀመሪያዋ የምትደርስበት ጊዜም ሦስት ዓመት ተገፋ። በኖቬምበር 2025 ባሕር ኃይሉ ከተጀመሩት ሁለት በቀር የቀሩትን ሰረዘ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ይሠራል ብሎ ማመን

ኢቨር ሁይትፌልት የዴንማርክ ፍሪጌት ናት። በወረቀት ላይ ለአየር መከላከያ ከአውሮፓ ምርጦቹ አንዷ ነበረች። ማርች 9 ቀን 2024 ቀይ ባሕር ላይ ድሮኖች መጡባት። ራዳሩንና መሣሪያውን የሚያገናኘው ሥርዓት ለግማሽ ሰዓት ገደማ ከዳት። ሚሳኤሎቿ መውጣት አልቻሉም። የመድፏ ጥይቶችም ብዙዎቹ ዒላማው ጋ ሳይደርሱ ቀድመው ፈነዱ። መርከበኞቹ ግን አራት ድሮን ጥለው ወጡ። የአገሪቱ የመከላከያ አዛዥ ችግሩን ለሚኒስትሩ አላሳወቁም ተብለው ከሥልጣን ተነሱ።

የሰውን ቁጥር እንደ ወጪ ብቻ ማየት

የፈረንሳይዋ ፍሬም በ120 ሰው ገደማ ትንቀሳቀሳለች። ከእሷ በፊት የነበሩት የፈረንሳይ ፍሪጌቶች ከ200 በላይ ይፈልጉ ነበር። ለደመወዝና ለስንቅ ጥሩ ነው። ሲቃጠልና ሲሰምጥ ግን ማን ይሯሯጣል?

ኖቬምበር 8 ቀን 2018፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ። የኖርዌይዋ ሄልገ ኢንግስታድ በጠባብ የባሕር ሰርጥ 17 ኖት ትሄዳለች። መገኛዋን ለሌሎች የሚያሳውቀው መሣሪያ አያስተላልፍም ነበር። ከፊቷ ብዙ መብራት ይታያል። ፈረቃ የተረከቡት መኮንኖች የብስ ዳር የቆመ ነገር መሰላቸው። ከወደብ የወጣች ሙሉ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነበረች። በሬዲዮ «ወደ ቀኝ ታጠፉ» ተባሉ። ወደ ቀኝ ቢታጠፉ ያ የቆመ የመሰላቸው ነገር ላይ የሚወጡ ስለመሰላቸው እንቢ አሉ። ሁለቱ ተጋጩ፤ የፍሪጌቷ ቀኝ ጎን ተተረተረ። ውኃው ደግሞ ይታገድበታል የተባለውን ግድግዳ አልፎ፣ ባዶ በሆነው የፕሮፔለር ዘንግ ውስጥ ገብቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ፈሰሰ። 137ቱም ሰዎች ተረፉ። መርከቧ ግን ሰጠመች፤ በኋላ ተጎትታ ወጥታ ለብረት ተቆረጠች።

ከዚያ በፊት ሌላ ፍሪጌት ነበረች። ሳሙኤል ቢ. ሮበርትስ የአሜሪካ ነበረች፤ ኤፕሪል 14 ቀን 1988 በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የኢራን የባሕር ፈንጂ መታት። ሆዷ ተቀደደ፣ የጀርባ አጥንቷ ተሰበረ፣ የሞተር ክፍሏ በውኃ ተሞላ። መርከበኞቹ የተሰነጠቀውን አካሏን በብረት ገመድ እንደ ቀሚስ ሰፍተው አያያዙት። ለሰዓታት ከእሳትና ከውኃ ጋር ታገሉ። አንድም ሰው አልሞተም። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ በ1944 በጦርነት የሰጠመችው የመጀመሪያዋ ሳሙኤል ቢ. ሮበርትስ መርከበኞች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። እነዚያ ወጣቶች ቱቦና እንጨት ተሸክመው በጭሱ ውስጥ ሲሮጡ፣ በዚያ ባለፉ ቁጥር ሰሌዳውን በእጃቸው እየነኩ ያልፉ ነበር።