የሰፈራችሁን ሰዎች የሥራ ታሪክ ለመጻፍ፦ ራስ መኮንን ድልድይ ያስተማረኝ

ያደግሁት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤታችን የቀበሌ ቤት ስለነበር፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዙሪያዋ ሲፈርስ ከነመደዳው ተነሣ። ጎረቤቶቼ ዛሬ አንዱ ገላን ጉራ፣ ሌላዋ አራብሳ፣ ሌላው ደግሞ ልጁ ዘንድ ዋሽንግተን ነው። እኔ ግን ቤቱ ሳይነሣ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሰፈራችንን ሰዎች ሥራ በባለ 100 ሉክ ደብተር ስመዘግብ ኖሬአለሁ፤ አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ደርሻለሁ። «እኔም የሰፈሬን ልጽፍ አስቤ ነበር፣ ከየት ልጀምር?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ የምሠራበትን መንገድ እንዲህ ጻፍኩት።

ከዝና አትነሡ፤ ከሥራ ተነሡ። «ከሰፈራችሁ የወጣ ታዋቂ ሰው ማን አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም ያንኑ ዘፋኝና ያንኑ ኳስ ተጫዋች ይነግራችኋል፤ ከዚያ ወሬው ያልቃል። አንድ ጊዜ ባለቤታቸው ሙዚቀኛ የነበሩ እናት ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ፣ «እማማ፣ ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኳቸው። «ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» አሉና ዝም። ሲኒውን ተቀብዬ ሌላ ጥያቄ አመጣሁ፦ «ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነበር ከቤት የሚወጡት?»

«ውይ ልጄ! ከዶሮ ጩኸት ጋር እኮ ነው የሚነሣው። ክላርኔቱን በነጠላዬ ጠቅልሎ፣ በክረምት እንጨቱ እንዳያብጥበት። እኔ ደግሞ ነጠላዬን ፍለጋ ቤቱን አተራምሳለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልንም። ሙዚቀኛ በማለዳ የሚወጣው ለምንድን ነው? የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ስለነበሩ፣ ልምምዱ በወታደር ሰዓት ስለሆነ። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ አብዛኛው የሚቀጠረው በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ወይም በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ነበር። ስለዚህ የሙዚቀኛ ቤት ስትገቡ ስለ ዘፈኑ ብቻ አትጠይቁ፤ ማዕረጋቸው ምን እንደነበር፣ የት እንደሠለጠኑ፣ ጡረታ የወጡት በምን ደብዳቤ እንደሆነ ጠይቁ። ያ ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ወይም ፍራሽ ሥር አለ። እማማ ከፍራሽ ሥር አውጥተው አሳዩኝ፤ ማኅተሙ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ግን ወሰን አብጁ። ሰፈር በካርታ ላይ የለም። ክፍለ ከተማው አራዳ ነው፤ ሰዉ ሲኖር የኖረው ግን ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አርመን ሰፈር፣ አፍንጮ በር ነው። የቀበሌው ቁጥርም ተቀያይሯልና በሱ አትመኩ። አንድ የሰፈሩን አሮጌ ሰው ይዛችሁ በእግር ዙሩና «እዚህ ያበቃል» የሚሏችሁን ምልክት ጻፉ፦ ወፍጮ ቤት፣ ቧንቧ፣ ድልድይ፣ ትልቅ ዋርካ። ዛሬ ምልክቱ ፈርሶ ከሆነም የቆመበትን ቦታ ያሳዩአችሁ። እኔ በዚህ ሁለት ወር አጥቻለሁ። አንድ አባት «እሱማ ጊዮርጊስ ጓሮ ነው የኖረው» ሲሉኝ፣ አፄ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት አራዳ ጊዮርጊስ መሰለኝና እዚያ ዙሪያ ቤት ለቤት ስጠይቅ ከረምኩ። ለካ የአርመኖቹን ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለታቸው ነበር። ሁለት ጊዮርጊስ ባለበት አካባቢ «የትኛው?» ማለት አይረሳችሁ።

ቀጥሎ አራት ግሶችን ለዩ፦ ተወለደ፣ ኖረ፣ ሠራ፣ ተቀበረ። ሰው ሁሉን አንድ ላይ ጠቅልሎ «የኛ ሰፈር ልጅ ነው» ይላል። ማሕሙድ አሕመድን እንውሰድ። ፒያሳ የሙዚቃ መደብር ስለነበረው ብዙ ሰው የፒያሳ ልጅ ያደርገዋል። የተወለደው ግን መርካቶ ነው። ሊስትሮ ሆኖ ሠራ፣ አሪዞና ክለብ በተላላኪነት ሲያገለግል መድረክ አገኘ፣ ከዚያ የክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ሆነ። መርካቶ «ተወለደ» የሚለውን ትጽፋለች፣ ፒያሳ «ሠራ» የሚለውን። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሲቀላቀል ነው ውሸት የሚሆነው።

ስምም እንዲሁ ያሳስታል። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን የአባቱ ወገን አርመናዊ ስለሆነ «አርመን ሰፈር አስገቢው» ያሉኝ አሉ። በስም ብቻ ሰው ሰፈር አይሰጠውም። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ለንደንና ፓሪስ ተማረ፤ ሲመለስ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን አስተማረ፤ ከዚያ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምሮ እዚያው እ.ኤ.አ. በ2003 አረፈ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ በደብተሬ ውስጥ ገጽ የለውም፤ በኛ ሰፈር የኖረበትን ቤት ያሳየኝ ሰው የለምና። ከባድ ነው፣ እንዲህ ያለ ስም መተው። ግን መተው ነው።

አሁን ብዙ ጽሑፍ ወደሚያበላሸው ነገር ልምጣ፤ ዓመተ ምሕረት። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ ሁልጊዜ 7 የሚቀንስ አለ፣ ሁልጊዜ 8 የሚቀንስም አለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። አርባ ልጆች የሚባሉት፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመን ሙዚቀኞች፣ አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 ነው። 7 ከቀነሳችሁ 1917 ይሆናል፤ ቀኑ ግን ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፣ እንቁጣጣሽ 5 ቀን ሲቀረው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ነበር፤ እዚህ ላይ 7 ትቀንሱና ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ታገኛላችሁ። ወሩን የማታውቁ ከሆነ አትቀይሩ፤ ያገኛችሁትን ዓመት ከነ «እ.ኤ.አ.» አስቀምጡት። እኔ በአንድ የሰፈር ዝግጅት ላይ በለጠፍኩት ጽሑፍ አንድን ሰው ከአባቱ ሠርግ በፊት እንዲወለድ አድርጌዋለሁ። ልጃቸው ፊት ቆሜ ነው ያረምኩት።

ሰው በቃሉ ዓመት አያስታውስም፤ ክስተት ያስታውሳል። «ጣሊያን ሲወጣ»፣ «በታኅሣሡ ግርግር»፣ «አዋጁ የወጣ ጊዜ» ይላችኋል። የእነዚህን ዓመታት ዝርዝር በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ጣሊያን የወጣው 1933፣ ግርግሩ 1953፣ አብዮቱ 1966። አዋጅ ሲሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት። ይህን አዋጅ ሳታውቁ የከተማ ሰፈር ታሪክ አትጽፉም። ከ1967 በፊት ያለውን ነዋሪ በባለቤቱ ስም ትከታተላላችሁ። ከዚያ በኋላ ወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዷልና፣ «ቤቱ የማን ነበር?» ብቻ ብትሉ ግማሹን ታጣላችሁ። «ከአዋጁ በፊት ማን፣ ከአዋጁ በኋላ ማን?» በሉ።

ፎቶግራፍ ስታዩ መጀመሪያ ጀርባውን አገላብጡ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የተቀባዩ ስም፣ አንዳንዴ ቀኑም እዚያ ነው። የኛ ሰፈር ሰዎች ጥሩ ፎቶ አንሺ አላጡም፤ ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ሙያውንም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ ቶኒ የሚባለው ነው፣ ተረክበው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። ከጀርባው ቀጥሎ የሰዎቹን ኋላ እዩ፤ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የስልክ ቁጥሩ ስንት አኃዝ እንዳለው፣ የታክሲው ዓይነት። እናም ዋናውን ፎቶ በፍጹም ከቤቱ አታውጡ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን የሠርግ ፎቶ ጥሩ አድርገው እንዲገለብጡልኝ ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጥቼ፣ ስመለስ «የለም» ተባልኩ። ጎረቤቴ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ይዤ፣ ፎቶውን መስኮት አጠገብ ነጭ ጨርቅ ላይ አንጥፌ፣ ፊቱንም ጀርባውንም እዚያው ባለቤቱ ፊት አነሣለሁ። መስታወት ውስጥ ያለ ከሆነ ክፈፉን ፍቱልኝ አልልም፤ መብራቱ እንዳያንጸባርቅ ጋቢ ከልዬ አነሣለሁ።

የምትቀዱ ከሆነ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አታስቀምጡ። የሲኒው ድምፅ ንግግሩን ሁሉ ይበላዋል። ትራስ ላይ፣ ለተናጋሪው ቅርብ። ከመጀመራችሁ በፊት «ልቅዳ?» በሉ፣ «አይሆንም» ካሉ በእጅ ጻፉ።

ቃል ከሰማችሁ በኋላ ወረቀት ፈልጉ። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጥራዞቹን በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር በሚባለው፣ ወይም ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጠይቁ። መታወቂያ ያዙ፤ የትብብር ደብዳቤ ካላችሁ ይበልጥ ይቀናል። «የሰፈሬን ሰው ስም ፈልጉልኝ» ብትሉ ማንም አይፈልግላችሁም፤ ወርና ዓመት ይዛችሁ ሂዱና ጥራዙን ራሳችሁ ግለጡ። ሹመት፣ ሽልማትና የኀዘን ማስታወቂያ ያለባቸውን ገጾች አትዝለሉ። መቃብርም ወረቀት ነው። ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ አካባቢ አንድ ቅዳሜ ውዬ ያገኘሁትን ዓመተ ምሕረት ሦስት ሳምንት ሙሉ በወሬ አላገኘሁትም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ ግን የእድሩ ነው። ሰፈሩ ሲበተን እድራችን አልተበተነም፤ አባሉ ከገላንም ከአራብሳም ታክሲ ይዞ ይመጣል። መዝገቡ ላይ ማን መቼ እንደገባ፣ የማን ወላጅ መቼ እንደሞተ በጸሐፊው እጅ ተጽፏል። ጸሐፊውን በአክብሮት ጠይቁ፤ እዚያው ተቀምጣችሁ አንብቡ። የሕያዋንን ስም ያለ ፈቃዳቸው አታውጡ። በቀይ ሽብር ጊዜ የሆነ ነገር ሲነሣ ደግሞ ብዕራችሁን አስቀምጡና ስሙ፤ ቤተሰቡ «ይህን ጻፊው» እስኪል ድረስ ከደብተሩ ውጭ ይቆይ።

ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ስጡ። እኔ ስድስት ነገር እጽፋለሁ፦ ሥራው ምን ነበር፣ ከማን ተማረ፣ ማን ቀጠረው፣ የት በር ላይ ሠራ፣ ማንን አስተማረ፣ እጁ ያረፈበት ምን ቀረ። በኬቮርክ ናልባንዲያን ብንሞክረው፦ የሙዚቃ መምህርና የዜማ ደራሲ፤ አርባ ልጆችን እንዲመራ በራስ ተፈሪ ተቀጠረ፤ የቀረው እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረው የብሔራዊ መዝሙር ዜማ። «ማንን አስተማረ» የሚለው ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳችኋል፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ የመራ፣ በኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት የስንቱን ድምፃዊና ተጫዋች እጅ ያቀና። አንዱ ገጽ ሌላውን ሲጠራ ሰፈሩ መታየት ይጀምራል። «ታላቅ፣ ስመ ጥር፣ ዝነኛ» የሚሉትን ቃላት እኔ ሁሉንም አወጣቸዋለሁ። ስድስቱ መልስ ከተሟላ አያስፈልጉም።

የእናቴንም ገጽ እንዲሁ ጽፌአለሁ፤ ሥራ፦ ልብስ ሰፊ፤ የቀረ፦ አምስት የሠርግ ቀሚስ በአምስት ቤት ሣጥን ውስጥ።

አንድ ገጽ ግን ለዓመታት ርእስ ብቻ ሆኖ ቆይቶብኝ ነበር፦ «የማስታወቂያ ጸሐፊው»። የሰፈራችንን የሱቅ ስሞች ሁሉ በብሩሽ የጻፈ ሰው ነው፤ ሰሌዳዎቹ ከቤቶቹ ጋር ሄደዋል። ባለፈው የእድር ስብሰባ አንድ የሠርግ ፎቶ በስልኬ ይዤ ሄድኩ፤ ከሙሽራዋ ትከሻ በላይ «ልብስ ስፌት» የሚል ግማሽ ሰሌዳ ይታያል። ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይሄ የሱ እጅ ነው» አሉ፤ «‹ስ›ን አይተሽ? ቀኝ እግሯን ሁሌ ያስረዝማታል። ቀለም የሚገዛው ከአባቴ ሱቅ ነበር፤ ቀዩን በዱቤ፣ ጥቁሩን በጥሬ ገንዘብ።» በሁለተኛው መስመር ላይ ጻፍኩት።