በክረምት ልጆችን ደጅ እንዴት እናውጣ? ለጅማ ቤተሰቦች

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ደጁ ጭቃ ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ይውላሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጅማ ለልጅ የምታሳየው ነገር የሚበዛው በክረምት ነውና። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል።

መጀመሪያ ልብስ። ቦቲ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ቢረጥብም ግድ የማይሰጥ የላስቲክ ጫማ ይሁን። ረጅም ሱሪ አልብሷቸውና ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ሳማ አለ፣ ገብረ ጉንዳንም አለ። አንዴ ልጄን በነጠላ ጫማ ይዤያት ወጣሁና ሰልፉ መሃል ቆመች። ከእግሯ ላይ አንድ በአንድ ስነቅል እሷም አለቀሰች፣ እኔም ሆዴ ተላወሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እርምጃ ርቀን ነው የምናየው። ቁጭ ብላችሁ አስተውሉ፦ ጭንቅላተ ትልልቆቹ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ትንንሾቹ በመሃል ይጣደፋሉ። ልጅ ይህን ካየ ከዚያ ቦታ አይነሳም።

ሰማዩ ፋታ ሲሰጥ ውጡ። መብረቅ ብልጭ ካለ ልጆቹ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ቆጠራውን ለ3 ማካፈል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ጨዋታው አበቃ፣ ወደ ቤት ግቡ። ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይሆንም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ።

አሁን የዝናብ መለኪያ እንሥራ። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጉ። አናቱን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ መልሳችሁ ክተቱት። መቁረጡ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። እንዳይወድቅ ከታች ጠጠር ጨምሩ፣ ጠጠሩ እስኪሸፈን ውኃ አፍስሱና እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ መስመር አስምሩ። ከዜሮው ወደ ላይ ማስመሪያ ለጥፉበት። ከጣሪያ ጠብታና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ ግቢው መሃል አስቀምጡት። ልጁ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አንብቦ በደብተሩ ይጻፍ፣ ከዚያ ውኃውን እስከ ዜሮው መስመር ያጉድል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ግቢያችሁን በእርምጃ ለክታችሁ «ዛሬ ስንት ጀሪካን ወረደልን?» ብላችሁ ጠይቁት። ሒሳብ የሚጠላ ልጅ እንኳ እርሳስ ያነሳል።

ሩቅ መሄድ ለሚፈልግ ጅሬን አለ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከላይ ሆኖ ዝናቡ ወደ ከተማው ሲመጣ ማየት ልዩ ነው። ቦዬ የሚባለው ረግረግ ወፍ ለማየት ደስ ይላል፤ ግን ጉማሬ ስላለ ውኃው ዳር አትጠጉ። የአወቱ ወንዝ ሲሞላም እንደዚሁ ነው፤ ልጅ እጁ ተይዞ ከሩቅ ይየው። መንገድ ላይ እንጉዳይ ካገኛችሁ በዓይን ብቻ።

እኔ ከሁሉ የምወደው የቡና ጓሮ ነው። የራሳችሁ ከሌለ ጎረቤት አስፈቅዱ። አንድ ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋችሁ አሳዩዋቸው፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ ፍሬው ደግሞ በየመጋጠሚያቸው ተጣብቆ ተጨናንቋል፣ ገና አረንጓዴ ነው። አንዷን ፍሬ ለሁለት ክፈሏት። ውስጧ ፊት ለፊት የተያያዙ ሁለት ነጫጭ ፍሬዎች አሉ፤ ቤት የምንቆላው ይህ ነው። ከዚያ ልጁ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ ክር ይሰር፣ ፍሬዎቹን ቆጥሮ ደብተሩ ላይ ይመዝግብ። ጥቅምት ላይ ተመልሳችሁ ክሩን ፈልጉ፤ ስንቱ ቀላ፣ ስንቱ ረገፈ፣ ስንቱን ወፍ በላው?