ሮምን ሳይሯሯጡ እንዴት ማየት ይቻላል?

ሮም በአንድ ጉዞ ታይታ የምታልቅ ከተማ አይደለችም። ሦስት ቀን ካለዎት በቀን አንድ ትልቅ ቦታ ይበቃል። የቀረውን ጊዜ ለእግርዎና ለሆድዎ ይተዉት።

1. ትኬቱን ከቤትዎ ሳይወጡ ይቁረጡ

የኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየም ሰልፍ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ሰዓት አስይዘው ይሂዱ። ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። መንገዱ ኮብልስቶን ስለሆነ ረጅም ተረከዝ አይሆንም።

2. ቀኑን በቡና ይጀምሩ

ብዙ ቦታ መጀመሪያ ከፍለው ደረሰኙን ይዘው ወደ ባንኮኒው ይጠጋሉ። ቆመው ይጠጡ፤ ከተቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ ካዘዙ ግን አይደንግጡ። የእነሱ ማኪያቶ በትንሽ ስኒ የሚመጣ፣ ወተት ጠብ የተደረገበት ጥቁር ቡና ነው። ወተቱ በዛ እንዲል ከፈለጉ ካፑቺኖ ይበሉ።

3. ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ ፓንቴዮን፣ ገብተው ቀና ይበሉ

ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ካሠራው 1,900 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጉልላቱ 43 ሜትር ይሰፋል፣ ያለ ብረት በኮንክሪት ብቻ ነው የቆመው። አናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ መስታወት የለውም። ዝናቡ ቀጥታ ወለሉ ላይ ይወርድና በትናንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ የብርሃኑ ክብ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ተቀምጠው ይዩት።

4. ፖርታ ካፔና አደባባይን አይዝለሉ

ከኮሎሲየም በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የፋሺስት ጦር የዘረፈው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት። በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አብዛኛው አስጎብኚ እዚህ አያቆምም። እርስዎ ግን ይቁሙ። 24 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ እዚህ ድረስ መምጣቱን፣ ከዚያም ቤቱ መግባቱን ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ሆኖ ማሰብ ልብ ይነካል።

5. ምሳ፣ በተለይ አሳማ ለማይበላና ለሚጾም

ሮም በፓስታዋ ትኮራለች፣ ግን ካርቦናራም አማትሪቻናም ውስጥ ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ አለ። አሳማ የማይበሉ ከሆነ ካቾ ኤ ፔፔ ይዘዙ። የበግ ወተት ዓይብ፣ ቁንዶ በርበሬና ፓስታው የተቀቀለበት ውሃ፣ በቃ። ውሃው ዓይቡን አቅልጦ እንደ ስጎ ያደርገዋል። በእኔ ምርጫ የከተማዋ ምርጥ ምግብ እሱ ነው። ጥርጣሬ ከገባዎት «ሴንዛ ማያሌ» ይበሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው።

ጾም ላይ ከሆኑ ፒዛ ማሪናራ አለልዎት፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት፣ ዓይብ የለውም። በክረምታቸው ማብቂያና በጸደይ ከሄዱ ደግሞ ወደ ጥንቱ የአይሁድ ሰፈር ጎራ ይበሉ። አርቲቾክ የሚሉትን አትክልት እንዳለ በዘይት ይጠብሱታል፤ ቅጠሉ እንደ አበባ ተከፍቶ ኩርሽም ኩርሽም ይላል።

6. ውሃ አይግዙ

በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ውሃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣትዎ ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ፊን ብሎ ይወጣል፤ ብዙ ሳያጎነብሱ ይጠጣሉ።