ስለ ጡት ካንሰር የምንሳሳተው፦ ከሴሉ ውጭ ያለውን እንርሳው?

ከሁሉ የከፋው ስህተት ካንሰርን የተበላሸ ሴል ብቻ አድርጎ ማየት ነው። የጡት ሴሎች ኮላጅን፣ ላሚኒንና ፋይብሮኔክቲን በሚባሉ ፕሮቲኖች መረብ የተከበቡ ናቸው። መረቡ ሴሎቹን ደግፎ ከመያዝ አልፎ ያዛቸዋል፤ መቼ እንደሚባዙ፣ መቼ እንደሚቆሙ ኢንቴግሪን በተባሉ ተቀባዮች በኩል ይነግራቸዋል። በካሊፎርኒያው ሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተመራማሪዋ የሚና ቢሴል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳየው ይህንኑ ነው። ላሚኒን በበዛበት ጄል ውስጥ ጤነኛ የጡት ሴሎች ትንንሽ ክብ ቅርጽ ይሠራሉ፤ የካንሰሮቹ ግን ቅጥ ያጣ ክምር ይሆናሉ። ቤታ 1 ኢንቴግሪንን የሚያግድ አንቲቦዲ ሲጨመር እነዚያው የካንሰር ሴሎች መባዛታቸውን ገትተው ሥርዓት ያለው ክብ ቅርጽ ያዙ። ጂናቸው ግን እንደተበላሸ ነበር! እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

እንዲህ ሲባል ግን «ጂን ዋጋ የለውም» ማለት አይደለም። በቢአርሲኤ 1 እና 2 ጂኖች ላይ በዘር የሚተላለፍ ጉድለት አደጋውን በእጅጉ ይጨምራል።

እብጠት ሲዳሰስ የሚጠነክረው ሴል ስለተከማቸ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛው ጥንካሬ ግን የኮላጅን ነው። ሊሲል ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም የኮላጅን ክሮችን እርስ በርስ ያቆላልፋል፤ የተወጠረው መረብም ሴሎቹን ለወረራ ይገፋፋል። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በጤናማ ጡት የተጠማዘዙት ክሮች በእብጠቱ ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብለው ወደ ውጭ ተዘርግተው ይገኛሉ። የካንሰር ሴሎች እነሱን ተከትለው ይወጣሉ።

«ካንሰር የሚዛመተው ደም ወደወሰደው ቦታ ሁሉ ነው» የሚለውም አያስኬድም። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ መርምሮ፣ የካንሰር ሴል እንደ ዘር ነው፣ የሚበቅለው የሚስማማው አፈር፣ ማለትም የሚመቸው የሰውነት ክፍል ሲያገኝ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ አፈሩ በከፊል ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ለምሳሌ ቴናሲን ሲ የተባለው ፕሮቲን ሳንባ የደረሱ የጡት ካንሰር ሴሎች ሥር እንዲሰዱ ያግዛል።

ታዲያ መረቡን ቆርጠው ለካንሰር ሴሎች መንገድ የሚከፍቱትን ኢንዛይሞች ብናግድስ? ተሞክሯል። ማሪማስታት የተባለው መድኃኒት በተዛመተ የጡት ካንሰር ላይ ጥቅም አላሳየም፤ መገጣጠሚያንም ያሳምም ነበር።

የመጨረሻው ስህተት ጥቅጥቅ ያለ ጡት፣ ማለትም ስብ ያነሰበትና ደጋፊ ሥጋ የበዛበት ጡት፣ በእጅ ይለያል ብሎ ማመን ነው። የሚለየው በማሞግራም (በጡት ራጅ) ነው። በሽታ ባይሆንም የካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ በምስሉም ላይ እንደ ካንሰሩ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ይሸፍነዋል። እህቶቼ፣ ውጤቱ ላይ «ጥቅጥቅ» የሚል ካያችሁ ተጨማሪ አልትራሳውንድ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። አዲስ እብጠት ካለም፣ ለስላሳ ነው ብላችሁ አትተዉት።