ፎቶግራፍን ለስክሪን ህትመት ወደ ቬክተር ነጥቦች ስለመለወጥ

ጅማ ውስጥ በቲሸርትና በቡና ማሸጊያ ከረጢት ላይ በስክሪን የምታትሙ ባለሙያዎች፣ ፎቶግራፍን በአንድ ቀለም ማተም ስትፈልጉ ግራጫውን ምስል እንዳለ ፊልም (ምስሉን ወደ ስክሪኑ የምታሳርፉበት ብርሃን አስተላላፊ ወረቀት) ላይ ከማውጣት ይልቅ፣ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ወደ ቬክተር ሃፍቶን፣ ማለትም ጥላውን በመጠናቸው ልዩነት ወደሚያሳዩ ጥርት ያሉ ነጥቦች ብትለውጡት ይበጃል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ፎቶውን አስገብታችሁ ብርሃንና ጥላውን በሚገባ ከለያችሁ በኋላ፣ በላይኛው ግራ ጥግ ላይ ትንሽ ጥቁር ክብ ሥላችሁ ምረጧት፤ ከዚያም «ኤዲት»፣ «ክሎን»፣ «ክሬት ታይልድ ክሎንስ» (ክቧን በረድፍ አባዝቶ ፎቶውን የሚሸፍነው ትዕዛዝ) የሚሉትን ተከትላችሁ፣ «ትሬስ» በተባለው ገጽ ላይ የክቦቹ መጠን ከሥራቸው ባለው ምስል ብሩህነት እንዲወሰን እዘዙ። ትልልቆቹ ነጥቦች በነጩ ቦታ ላይ ከወጡ «ኢንቨርት» የሚለውን ምረጡ። ነጥቦቹ በሺዎች ሲሆኑ ኮምፒውተሩ ስለሚዘገይ፣ በመጀመሪያ በትንሽ ክፍል ላይ መሞከር ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን የነጥቡን ርቀት ከስክሪኑ ጨርቅ ጋር ማስማማትን ነው፤ የስክሪኑ ጨርቅ በኢንች 200 ክር ካለው፣ በአንድ ኢንች ከ40 እስከ 50 ረድፍ ነጥብ ይበቃዋል፤ ከዚያ ከደቀቀ ትንንሾቹ ነጥቦች በክሮቹ መካከል ይጠፋሉ። ፊልሙን ከማውጣታችሁ በፊት ከሥር ያለውን ፎቶ አጥፉት።